ማብቂያ ቤት የሌለው ትእዛዝ

ሐምሌ 26 ቀን 2004 ዓ.ም.
ቱሉ ሶምቦ

ለሕፃናት የኮምፒውተር ትምህርት ፕሮጀክት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወርቅቱ ሆርዶፋ፣ በቱሉ ሶምቦ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሦስተኛ ክፍል መምህርት

ጉዳዩ፦ ለአራት ዓመት የለመንኩት ዝውውር በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ስለ ተፈቀደልኝ አንደኛው እንዲሻርልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የጠየቀችውን ያገኘች ሴት ደግሞ ምን ብላ አቤት ትላለች ብለው እንዳይታዘቡኝ እፈራለሁ። ነገሩን እስከ መጨረሻው ቢያነቡልኝ ግን እንደማይፈርዱብኝ ተስፋ አለኝ። እስከ ዛሬ ለወረዳችን ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉ ነበሩ። ይህኛው አዲስ አበባ ስለሚደርስ በአማርኛ ጽፌዋለሁ።

1. ጽሕፈት ቤትዎ በ2002 ዓ.ም. ለትምህርት ቤታችን ትናንሽ የልጆች ኮምፒውተሮች ልኮልናል። እኔንም አዲስ አበባ አስጠርቶ ሕፃናትን ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ እንዴት እንደማስጀምር አሠልጥኖኛል። ስመለስ ውል ፈርሜአለሁ። በውሉ ላይ «መምህሯ ለአምስት ዓመት ከኮምፒውተሮቹ ጋር ትቆያለች» የሚል አንቀጽ አለ። ይህን አንቀጽ ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

2. ኮምፒውተሮቹ በጣም ደኅና ናቸው። ከመጡበት ቀን ጀምሮ ምንም አልሆኑም፤ ምክንያቱም ማንም አልነካቸውም። የንብረት ክፍላችን ወ/ሮ ጉዴ በስማቸው ስለ ተረከቧቸው ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረዋል። እያንዳንዱን ኮምፒውተር በገዛ እጃቸው በሠሩት ዳንቴል አልብሰውታል። እንግዳ ሲመጣ ልጆቹ እግራቸውን ታጥበው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ይገባሉ፤ ዳንቴሉን አይተው ይወጣሉ። አንድ ቀን ወ/ሮ ጉዴን ብለምናቸው «ልጅ ከነካው ይበላሻል፣ ልጅ ካልነካው አይበላሽም፤ ቢበላሽ የምጠየቀው ደግሞ እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም» አሉኝ። አንዲት ነገር ብትጎድል ከደመወዛቸው እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ከአንገቴ አላወልቀውም ነበር።

3. ስለዚህ ትምህርቱን ሜዳ ላይ ጀመርኩ። ለእግር ኳስ ሜዳ ማስመሪያ ከመጣው ኖራ ጥቂት ወስጄ፣ ልጆች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ እንደሚያሠምሩት ዓይነት ቤት በመሬቱ ላይ አሠመርኩ። አንድ ልጅ ማሽን ይሆናል። ሌሎቹ «ፊት»፣ «ሚርገ»፣ «ቢታ»፣ «ቁም» እያሉ ትእዛዙን በካርቶን ላይ ጽፈው ያነቡለታል፤ ሚርገ ማለት ቀኝ፣ ቢታ ማለት ግራ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ማሽን የተባለውን ይሠራል፣ የታሰበውን አይሠራም። ትእዛዙን ከጻፈው ልጅ በቀር ማንም «ቁም» ሊለው አይችልም።

ማሽን መሆን የሚወደው ኢብሳ የሚባለው ልጅ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት «ፊት» ብለውት «ቁም» የሚለውን መጻፍ ረሱ። ኢብሳ የትምህርት ቤቱን የጎመን መደብ ረግጦ አለፈ። ሄደን ስናየው አጥሩን በግንባሩ እየገፋ ቆሟል። «ምነው ኢብሳ?» ብዬ ብጠይቀው «ቁም ያለኝ የለም» አለኝ። ልጆቼ የገበሬ ልጆች ናቸው፤ በሬም ቢሆን የተባለውን እንጂ በልብ የታሰበውን እንደማያርስ አባቶቻቸው ሲበሳጩ አይተው ያውቁታል። ሥልጠና ላይ እኛ መምህራን ሁለት ቀን የፈጀብንን ነገር እነሱ በዚያች ጎመን ገብቷቸዋል።

ከዚያ «እንዲህ ከሆነ ወደዚህ፣ ካልሆነ ወደዚያ» ወደሚለው አለፍን። ቀጥሎም «ድገም» የሚለውን ተማሩ። በግንቦት ወር መጨረሻ ላይ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ «በደንብ የምታውቁትን አንድ ሥራ በትእዛዝ ጻፉ» አልኳቸው። አንዱ የቦኖ ውሃ ወረፋን ጻፈ። አንዷ ለገበያ የምትሄድ ዶሮ እንዴት እንደምትያዝ ጻፈች፤ ዶሮዋ ግን ሕጉን አላከበረችም። ለንሳ የምትባለው ደግሞ «ሀርሜ ወረዳ ስትሄድ» የሚል ርእስ ሰጥታ ጻፈች። ሀርሜ ማለት እናቴ ማለት ነው።

4. እዚህ ላይ የግል ጉዳዬን ስለማነሣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሳላነሣው ነገሩ አይገባም። ለንሳ ልጄ ናት። አባቷ ቶሌራ ጉርሙ ሸነን ነርስ ነው። ከሸነን ቱሉ ሶምቦ ለመምጣት በጉደር ዞሮ፣ እጃጂ ወርዶ፣ ከዚያ የእህል መኪና መለመን ነው። ዝናብ ሲሆን መኪናውም የለም። በወር አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ቅዳሜ ማታ ደርሶ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ተመልሶ ይሄዳል። እኔ ወደ እሱ ልዛወር ወይም እሱ ወደ እኔ ይዛወር ብለን አራት ዓመት አመልክተናል። የሚሰጠን መልስ «መምህርት እጥረት አለ፣ አንቺ ታስፈልጊናለሽ» የሚል ነው። ተፈላጊ መሆን ይህን ያህል እንደሚጎዳ አላውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር ባሌ ይናፍቀኛል። ይህ በማመልከቻ ላይ የሚጻፍ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። «በትዳር ምክንያት» ተብሎ ነው የሚጻፈው፤ እኔም እስከ ዛሬ እንደዚያ እያልኩ ነው የጻፍኩት።

ለንሳን የምተውለት ሰው ስለሌለኝ ወረዳ ስሄድ ይዣት እሄዳለሁ። አንደኛው መስኮት «ክፍት የሥራ መደብ መኖሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሁለተኛው መስኮት አምጪ» ይላል። ሁለተኛው መስኮት «ኃላፊው ካልመሩበት አንጽፍም» ይላል። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። አግዳሚው ወንበር ላይ እንቀመጣለን። ሲመሽ ጸሐፊዋ ብቅ ብላ «ቦሩ ኮታ» ትላለች፤ ነገ ይመለሱ ማለቷ ነው። ደግ ልጅ ናት፣ በፈገግታ ነው የምትለው። በነጋታው ከአንደኛው መስኮት እንጀምራለን። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ነው። ለንሳ የጻፈችው ይህንኑ ነው፤ ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

5. ቅዳሜ ሰኔ 23 ቀን የወላጆች በዓል ነበር። የክብር እንግዳው የወረዳችን ኃላፊ ኦቦ ተሬፋ ነበሩ፤ ኦቦ ማለት አቶ ማለት ነው። ኦቦ ተሬፋ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ንግግር ያውቃሉ፣ ሰው ይወዳሉ፣ ሰውም ይወዳቸዋል። በመክፈቻው ላይ «የጀመረውን ሳይጨርስ የሚያቆም ሕዝብ አያድግም» የሚል ንግግር አድርገው በጣም ተጨበጨበላቸው። ከዚያ የልጆቹን ጨዋታ አዩና ደስ አላቸው። ኮታቸውን አውልቀው ለርእሰ መምህሩ አስያዙና «እኔም ልማር፤ ዛሬ ማሽኑ እኔ ነኝ» አሉ። ወላጅ ሁሉ አጨበጨበ። ተራው የለንሳ ነበር።

ልጆቹ በየቤታቸው ገብተው ቆሙ። ኦቦ ተሬፋ ወደ አንደኛው ቤት ሲገቡ እዚያ የቆመው ልጅ «ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» አላቸው። በሚርገ ዞረው ወደ ሁለተኛው ሄዱ፤ «ሳይመሩበት አንጽፍም» ተባሉ። ወደ ሦስተኛው ሄዱ፤ ኢብሳ ክንዱን አጣጥፎ «ስብሰባ ናቸው» አለ። በቢታ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ቤት ሄዱ፤ አንዲት ሕፃን በፈገግታ «ቦሩ ኮታ» አለቻቸው። ቀጣዩ ትእዛዝ «ድገም» ነው። እሳቸውም ደገሙ።

በመጀመሪያው ዙር ከልባቸው ሳቁ። በሁለተኛው ፈገግ ብቻ አሉ። ከዚያ በኋላ ወላጆቹ መልሱን ከልጆቹ ጋር አብረው ማለት ጀመሩ። አግዳሚ ወንበሩ ቤት በደረሱ ቁጥር ሜዳው በሙሉ በአንድ ድምፅ «ቦሩ ኮታ» ይላል። ርእሰ መምህሩ ጠጋ ብለው «አስቁሚያቸው እንጂ» አሉኝ። «እርስዎ አለቃ ነዎት፣ እርስዎ ያስቁሟቸው» አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ለምክትላቸው ነገሩ። ምክትሉ ሰማይ ሰማይ ያዩ ጀመር። እንግዳን፣ ያውም የክብር እንግዳን፣ ያውም የወረዳ ኃላፊን «ቁም» የሚል ሰው ቱሉ ሶምቦ ገና አልተወለደም። «ቁም» የሚለው ካርቶን በለንሳ እጅ ነበር። እሷም ታላቅን አክብሪ ተብላ ያደገች ልጅ ናትና ካርቶኑን ከጀርባዋ ደበቀችው። ኦቦ ተሬፋም በራሳቸው እንዳያቆሙ ያን ንግግር አድርገዋል። ላባቸው እየወረደ ዞሩ።

ያወጣቸው ዝናብ ነው። ድንገት ወርዶ ኖራውን አጠበውና ሁላችንም ቆርቆሮ ሥር ሮጥን። እዚያ እንደ ተጠጋጋን፣ ኦቦ ጅሩ የሚባሉ አንድ ወላጅ «ኦቦ ተሬፋ፣ እርስዎስ ዝናብ ደረሰልዎት» አሏቸው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ስቄአለሁ። ይህ በግምገማው ላይ ስለ ተመዘገበ አልክድም።

6. ግምገማው በሦስተኛው ቀን ተካሄደ። የቀረበብኝ ሂስ «ሕፃናትን መሣሪያ በማድረግ የመንግሥትን አገልግሎት አሰጣጥ ማንቋሸሽ» የሚል ነበር። የልጅ የቤት ሥራ ነው ብዬ አስረዳሁ። ቢፒአር ከተባለው የአሠራር ለውጥ ወዲህ በወረዳችን አንድ ጉዳይ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ግድግዳው ላይ ተጽፎ እንደ ተሰቀለ አስታወሱኝ። ሰሌዳውን አውቀዋለሁ፤ ከሥሩ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ አራት ዓመት ተቀምጬ አንብቤዋለሁ፣ ለንሳም ማንበብ የጀመረችው በእሱ ነው። በመጨረሻ አንድ አባል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከዚህች ልጅ ጀርባ ያለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቷ ነኝ አልኩ።

ቅጣት አልተወሰነብኝም። ኦቦ ተሬፋ «እኛ ቂመኞች አይደለንም፤ መልሳችን ሥራ ነው» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። በማግሥቱ «ኖራ ከእግር ኳስ ሜዳ መስመር ውጭ ለማናቸውም ዓላማ አይውልም» የሚል ማስታወቂያ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ።

7. ኦቦ ተሬፋ እንዳሉትም መልሳቸው ሥራ ሆነ። ሐምሌ 12 ቀን ከወረዳው የመምህራን ክፍል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ «በተደጋጋሚ ባመለከቱት መሠረት፣ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር እንዲኖሩ ከመስከረም 1 ጀምሮ ወደ ሸነን ተዛውረዋል» ይላል። በዚያው ቀን ከጤና ክፍሉ ለቶሌራ ደብዳቤ ወጣ፤ «በተደጋጋሚ ባመለከቱት መሠረት፣ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር እንዲኖሩ ከመስከረም 1 ጀምሮ ወደ ቱሉ ሶምቦ ጤና ጣቢያ ተዛውረዋል» ይላል። ሁለቱ ክፍሎች የሚለያቸው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። ወዲያ ማዶ ሲያስነጥሱ ወዲህ ይማርህ ይባላል።

ደብዳቤዎቹን ይዤ ኦቦ ተሬፋ ዘንድ ገባሁ። ያን ቀን ስብሰባ አልነበሩም። «ጠየቅሽ፣ ተሰጠሽ፤ ባልሽም ጠየቀ፣ ተሰጠው። አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?» አሉኝ። ሳቁ ወይም ተቆጡ ለማለት አልችልም፤ ፊታቸው ከወረቀቱ ላይ አልተነሣም። ቅጣት ነው እንዳልል እኔው የለመንኩት ነው። ስሕተት ነው እንዳልል ሁለቱም ማኅተም አለባቸው። እስከ ዛሬ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤ እንዳውቅም አልፈለጉም መሰለኝ። በሩን ዘግቼ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

ለቶሌራ ደውዬ ነገርኩት። እሱም «እንግዲህ መስከረም 1 አንቺም ዕቃሽን ጭነሽ፣ እኔም ዕቃዬን ጭኜ ጉደር ላይ መገናኘታችን አይቀርም፤ ምሳ አብረን እንበላለን» አለ። እሱ ሲከፋው ነው የሚቀልደው። ለንሳ ከማንኛችን ጋር እንደምትሄድ ግን ሁለቱም ደብዳቤዎች አይናገሩም።

ለንሳ ደብዳቤዎቹን ወለሉ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ አነበበቻቸው። ከዚያ «ሀርሜ፣ ስሕተቱን አገኘሁት። አንዱን ፊት ሲሉት ሌላውን ቁም ማለት ነበረባቸው» አለችኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ስለሌለኝ ቃሏን እንዳለ አቅርቤዋለሁ።

8. አንደኛው ደብዳቤ እንዲሻርልኝ ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። አንደኛው መስኮት «ከሐምሌ 12 ወዲህ የሸነን ሠራተኛ ነሽ፣ ከዚያ ደብዳቤ አምጪ» አለኝ። ሸነንን ብጠይቅ «ገና ስላልተረከብንሽ ስለ አንቺ ለመጻፍ ሥልጣን የለንም» አሉኝ፤ እነሱስ እውነታቸውን ነው። ሁለተኛው መስኮት «ካልተመራበት» አለ። ያን ጊዜ ለንሳ እጄን ለቃ፣ ሰውየው ተናግሮ ሳይጨርስ፣ ቀድማኝ ወደ ኃላፊው በር ሄዳ ቆመች። ከዚያም ሳልነግራት አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ ብቅ ስትል ሁለቱ አንድ ላይ «ቦሩ ኮታ» አሉ። ጸሐፊዋ በጣም ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም።

9. ክቡር ሆይ፣ ወደ እርስዎ የጻፍኩት ከዚህ ዙር ውጭ ያሉ ሆነው ስላገኘሁዎት ነው። ወደ ሸነን ብሄድ እኔን የሚተካ ሠልጣኝ የለም። የሚቀረው ዳንቴሉ ብቻ ነው። ባለቤቴ ወደዚህ ቢመጣና እኔ ባልነቃነቅ ግን ቤቴም ይቃናል፣ ልጆቹም ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ፤ ለጽሕፈት ቤትዎም ከአንድ ደብዳቤ በላይ ድካም የለውም። ስለዚህ፦

ሀ) በውሉ አንቀጽ መሠረት ከኮምፒውተሮቹ ጋር መቆየት እንዳለብኝ ለወረዳችን ተጽፎ፣ የእኔ ዝውውር እንዲሻር፣ የባለቤቴ እንዲጸና፤

ለ) ወ/ሮ ጉዴ አንድ ኮምፒውተር ቢበላሽ በግላቸው እንደማይጠየቁ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው፤ ይህ ከሆነ ቁልፉን ከአንገታቸው እንደሚያወርዱ ቃል ገብተውልኛል፣ ዳንቴሉ እንደማይወርድ ግን ካሁኑ ነግረውኛል፤

ሐ) ከሁሉ በላይ፣ በዚህ ማመልከቻ ግርጌ «ለሚመለከተው ወረዳ ተመርቷል» ተብሎ እንዳይጻፍበት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ወደሚመለከተው ወረዳ የሚወስደውን መንገድ እኔም ልጄም በቃላችን እናውቀዋለን።

ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ያን የቤት ሥራ ያረምኩት ከበዓሉ በፊት ነበር፤ ከዐሥር ዘጠኝ ሰጥቻት ነበር። አንድ ነጥብ የቀነስኩት ትእዛዝ ሁሉ ማብቂያ ቤት ሊኖረው ይገባል ብዬ ስላስተማርኳቸውና የእሷ ማብቂያ ስላልነበረው ነው። «ለንሳ፣ ማብቂያውን ቤት ለምን ረሳሽው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አልረሳሁትም ሀርሜ፤ አይቼው ስለማላውቅ ነው» አለችኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን መልሼ አንሥቼ ዐሥር ከዐሥር ሰጠኋት።

መስከረም ሳይጠባ ያን ቤት እንድታየው ይርዱኝ።

አክብሮቴንና የልጄን ሰላምታ ጨምሬ፣
ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ወርቅቱ ሆርዶፋ

ግልባጭ፦
— ለአቶ ቶሌራ ጉርሙ
ሸነን፤ ከመስከረም 1 በኋላ ቱሉ ሶምቦ፤ ምላሽ ከዘገየ በዕለቱ ጉደር፣ ምሳ ሰዓት ላይ